በመዝገብ ላይ ስለሌለው የልጄ ጠባሳ

ለተከበሩ የወረዳችን የጤና ጉዳይ ኃላፊ፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ምኞቴ ነው። እኔ በእመቤታችን አማላጅነት ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነችው ልጄ ማስተዋል ናት፤ እሷም ብትሆን በእርስዎ መዝገብ ደኅና ናት።

ከደብረ ታቦር በላይ ባለው ደጋ ገብስ እያረስሁ የምኖር፣ ሚስቴ የሞተችብኝ፣ ዳዊት ከመድገምና ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍሁ ሰው ነኝና ስሳሳት በትዕግሥት ያርሙኝ።

አንደኛ፦ አምና ቀበሌያችን «ከሴት ልጅ ግርዛት ነፃ» ተብላ ሰርተፊኬት ስለተሸለመች አመሰግናለሁ። እኔም ከፊት ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። ቀድሞ የተገረዙት ሴቶች ከድርጊቱ ጋር አብረው ከመዝገብ እንደሚሰረዙ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛ፦ ማስተዋል ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ የሺ መርምራት፣ በሕፃንነቷ የተቆረጠችው ቦታ ጠባሳው ደርቆ እንደማይሳብ፣ ምጡ ቤት ወይም መንገድ ላይ ከያዛት ክፉኛ ተቀድዳ ብዙ ደም ሊፈሳት እንደሚችል፣ ስለዚህም ከወዲሁ ደብረ ታቦር ወርዳ ሐኪም አጠገብ መሰንበት እንዳለባት አስረዳችን። በሪፈር ወረቀቱም ላይ ምክንያቱን እንዳለ ጻፈችው። ጽሕፈት ቤትዎ፣ ነፃ በወጣ ቀበሌ እንዲህ ያለ ምክንያት አይጻፍም ብሎ ወረቀቱን ቀደደና በምትኩ «ጤናማ እርግዝና» አስጻፈ። ለጤናማ እርግዝና ደግሞ በእናቶች ማቆያው አልጋ አይሰጥም፤ ምጥ ሲይዛት ትምጣ ተባልን። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፤ እስከ መኪናው መንገድ ለጤነኛ እግር እንኳ ግማሽ ቀን ነው። ልጄን ያለ ሕክምና ስላዳኑልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፦ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ወንበር ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። በትሕትና የነገሩኝንም ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «አባቴ፣ ልጄ አልተገረዘችም ካሉ ሕመም የለባትም፤ ተገርዛለች ካሉ ደግሞ ያስገረዟት እርስዎ ነዎትና ጉዳዩ የፖሊስ እንጂ የእኔ አይደለም።» ሁለት በር አሳይተው ሁለቱንም ቆለፉልኝ።

ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር እየተቀመጥሁ ራሴን ስመረምር ሰነበትሁ። ስለ ፖሊስ ያሉት እውነት ነው። ማስተዋል በተወለደች በስምንተኛው ቀን እግሮቿን የያዝሁት እኔ ነኝ። እናቷ ጥሩወርቅ አላይም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ እኔ ወግ ነው ብዬ ያዝሁ። ከስድስት ዓመት በኋላ ጥሩወርቅ ሁለተኛውን ልጅ አምጣ አምጣ በሦስተኛው ቀን ከነልጇ አረፈች። ልታዋልዳት የመጣችው ሴትዮ ጠባሳው አላሳልፍ እንዳለ ነገረችኝ። እኔ ግን ለለቀስተኛው ሁሉ የእግዜር ፈቃድ ነው አልሁ። የእጄን ሥራ በእግዜር ላይ ጫንሁ ማለት ነው። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ፤ ለመንግሥት ያልነገርሁት ስለፈራሁ ነው።

አራተኛ፦ እነሆ ለመንግሥትም ነገርሁ። ፖሊስ ይላኩልኝ፤ አልሸሽም። ሲከሱኝ ግን በክሱ ወረቀት ላይ «ልጁን አስገርዟል» ተብሎ መጻፉ አይቀርምና፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ቅጂ ለማስተዋል ይሰጥልኝ። የአባቷ ክስ የእሷ ሪፈር ይሆንላታል። ሐኪሙም ምን እንደሆነች በመንግሥት ማኅተም አረጋግጦ ያያል።

ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለመዝገብዎ ንጽሕና፣ ለእኔም እንደ ሥራዬ ሳይሆን እንደ ቸርነቱ እንዲሆን እየለመንሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ማሩ ዘውዱ
የማስተዋል አባት፣ የጥሩወርቅ ባል፣ ተከሳሽ

ማሳሰቢያ፦ የሚልኳቸው ፖሊሶች ከአራት ባያንሱና ትከሻቸው የጠና ቢሆን መልካም ነው። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፤ እነሱ ባዶ እጃቸውን ከሚመለሱ ማስተዋልን በቃሬዛ ያውርዱልኝ።