አይ ካሉ አትጫኗቸው

ሰኞ ጥቅምት 4፣ ጠዋት 12፡40፣ ትራም ውስጥ

መቀመጫ አግኝቻለሁ፤ ተመስገን። የአረጋውያን መጦሪያው ሺፍቴ 1፡30 ይጀምራል። ዛሬ ሻወር የማስወስዳቸው አዛውንት አምስት ናቸው። ጉልበቴ ከአሁኑ ያጉረመርማል።

አንቺ ደብተር፣ ትናንት ዋሸሁ። ከዚህ በፊትም ዋሽቼ አውቃለሁ፣ ለአንቺም ጭምር። የትናንቱ ግን አልዋጥ ብሎኛል።

የኮሚቴ ስብሰባ ነበር። እዚህ የምኖርበት ካውንስል፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ፣ እና አገር ቤት እኔ የተወለድኩባት ከተማ እህትማማች ከተሞች ከተባሉ ዓመታት አልፈዋል። እነሱ ይመጣሉ፣ ከዚህም ይኬዳል። ችግኝ ይተከላል፣ ስጦታ ይሰጣጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። እንግዳ ሆቴል አያርፍም፤ የኮሚቴው ደንብ ነው፣ አባል ቤት ያድራል። ዘንድሮ አራት ሰዎች ሐሙስ ይገባሉ፤ ከንቲባው፣ ሁለት የጽ/ቤት ሰዎች፣ የአገር ሽማግሌዎችን ወክለው ደግሞ ጋሽ ተሰማ።

ጋሽ ተሰማ የአምስተኛ ክፍል አስተማሪዬ ናቸው። አባቴ በታሰረበት ዓመት ምሳ የበላሁት እሳቸው ቤት ነው፤ ከልጆቻቸው ጋር፣ ከአንድ ትሪ፣ ዓመቱን ሙሉ። ስማቸው ሲነበብ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከኮሚቴው አማርኛ የምችል እኔ ብቻ ነኝ። ቤቴ ቀለም እየተቀባ ነው አልኩ። ሁለት ሳምንት ይፈጃል አልኩ። ሽታው ለሽማግሌ አይሆንም አልኩ። ሽታውን ማን ጨምሪ አለኝ?

ማርገሬት ወዲያው እጇን አወጣች። የኮሚቴው ጸሐፊ ናት፤ ጡረታ የወጣች የሂሳብ አስተማሪ። እሷና ባሏ ኬቨን ይወስዷቸዋል።

ምክንያቴን ታውቂዋለሽ። እማዬ ከከተማ ወጣ ብሎ ሜልተን ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት የገዛሁ ይመስላታል። የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ የጎረቤቷ ልጅ ካናዳ ቤት ገዛች ብላ በደወለችልኝ ቀን። እውነቱ መሃል ከተማ ካርልተን፣ የመንግሥት ኪራይ ቤት ፎቅ፣ ሁለት መኝታ። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት እኔን ነው፤ ያውም አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ። ጋሽ ተ. ካዩት እማዬ ሰማች ማለት ነው። ስትሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል።

ፌርማታዬ ደረሰ።


ማክሰኞ ጥቅምት 5፣ 12፡00 ምሽት

እንግዳ ለሚቀበሉት አባላት አንድ ገጽ መመሪያ ጻፊ ተብዬ ነበር። ጻፍኩ። የአሳማ ሥጋ አይበሉም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ወተትም እንቁላልም የለም። ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ማለት ጥሩ ነው። ከዚያ ስለ ምግብ እንዲህ ብዬ ጨረስኩ፦ «አይ ካሉ አትጫኗቸው። የሚፈልጉትን ራሳቸው ይናገራሉ።»

ውሸት መሆኑን ስጽፈው አውቃለሁ። የእኛ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ አይልም፤ ሆዳም ያስብላል። አይ ይላል፣ ይለመናል፣ አሁንም አይ ይላል፣ በሞቴ ይባላል፣ ያኔ እጁን ይታጠባል። ግን ባለፈው ዓመት የኮሚቴው እራት ላይ ተጋብዛ የመጣች አንዲት የእኛ ሴት ኬቨንን በግድ ስታጎርሰው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። እኔ ጠረጴዛ ስር መግባት ነበር የቀረኝ። ስልጡን ሰዎች ነን ለማለት ነው የጻፍኩት። ማን እንደጠየቀኝ እንጃ።

ማርገሬት አንብባ ወደደችው። ግልጽ ነው፣ እንዲህ ነው መመሪያ አለች። ደስ አለኝ። እንዲያውም ኮራሁ።


ሐሙስ ጥቅምት 7፣ ከሰዓት 10፡00

ገቡ። ጋሽ ተ. አጥረዋል፤ ወይ እኔ በልጅነቴ አግዝፌ አይቻቸዋለሁ። ሰባውን አልፈዋል። ያን ሁሉ ሰዓት ተጉዘው ከረባታቸው አልላላም። ጉንጬን ሦስት አራቴ ሳሙኝ። የእማዬ በርበሬ ሻንጣቸው ውስጥ አለ፤ ኤርፖርት ላይ አስከፍተው አሽትተው አሳልፈውላቸዋል። ቤትሽ ስመጣ ነው የማወጣው አሉኝ። እማዬ አደራ ብላቸዋለች፤ ቤቷን በዓይንዎ አይተው ይንገሩኝ ብላ።

ቀለም እየተቀባ ነው አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። የቤት ሥራ ደብተሬን ረሳሁ ስላቸው እንደሚያዩኝ ነው ያዩኝ። ይሁን አሉ።

ማ. (ማርገሬት) በር ላይ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ወረቀቴን ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጥፋዋለች። እኔ ሥራ አለኝ ብዬ ከበር ተመለስኩ። ትራም ላይ እፎይ አልኩ። እፎይ ማለቴ አሳፈረኝ።


ቅዳሜ ጥቅምት 9፣ ቀን 8፡30

ጉብኝት። ቤተ መጻሕፍት፣ ገበያ፣ የአትክልት ቦታ። ልጄ ሳሮን አብራን መጥታለች፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ነው። በእንግሊዝኛና በተሰባበረ አማርኛ ከጋሽ ተ. ጋር ስታወራ ዋለች። እኔ ከከንቲባው አጠገብ፣ ሳስተረጉም።

ጋሽ ተ. ደክሟቸዋል። አግዳሚ ባዩ ቁጥር ይቀመጣሉ። የአየር ለውጥ ነው ብዬ አለፍኩት። ምሳ ሳንድዊች ነበር። ትሪው እሳቸው ጋ ሲደርስ ሌሎች ይቅደሙ ብለው በእጃቸው አሳለፉት። ትሪው ሄደ፤ አልተመለሰም። አየሁ። እንደ ሌላ ሰው ቆሜ አየሁ።

ማ. ወደ ጎን ወሰደችኝ። ምንም አይበሉም ማለት ይቻላል አለች። ሁልጊዜ እንጠይቃቸዋለን፣ ሁልጊዜ ኖ ታንክ ዩ ይላሉ፣ እኛም እንዳልሽው አንጫናቸውም። ይኼኔ መናገር ነበረብኝ። ከንቲባው ጠሩኝ፤ ሮጬ ሄድኩ። ያን ያህል ሮጬ ለማንም አስተርጉሜ አላውቅም።


ሰኞ ጥቅምት 11፣ ከሰዓት 11፡00

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን ይቅር በይኝ።

ችግኝ ተከላው ላይ ጋሽ ተ. ወደቁ። አካፋ ይዘው ለፎቶ ቆመው ነበር። ኬቨን ባይደግፋቸው ጭንቅላታቸውን ድንጋይ ይመታቸው ነበር። አምቡላንስ መጣ። ስኳራቸው ወርዷል። የአምቡላንሷ ልጅ መጨረሻ የበሉት መቼ ነው ብላ ጠየቀች፤ አስተረጎምኩ። ጠግቤ ነው ያደርኩት በያት አሉኝ። አልኳት። ማ. እዚያው ቆማለች፣ ፊቷ ነጥቷል። ጣፋጭ ጁስ ሰጧቸው፣ ነፍስ ዘሩ። ሆስፒታል አያስፈልግም፣ ግን ይብሉ ተባለ።

የኬቨን መኪና ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ነገሩኝ፤ እንደ ቀልድ አድርገው። በመጀመሪያው ምሽት ማ. ዶሮ ጠብሳ ላቅርብልዎ ወይ አለቻቸው። አይ፣ አውሮፕላን ላይ በልቻለሁ አሉ። እሺ ብላ ሳህኑን አነሳችው። ዶሮው ከፊታቸው አልፎ ማቀዝቀዣ ሲገባ በዓይናቸው ሸኙት። በማግስቱ ደህና ትለምነኛለች ብለው ጠበቁ። በማግስቱም የጾሙን ሳህን እንዲሁ አነሳችው። ከዚያ በኋላ አፍ አውጥቶ ስጡኝ ማለት እንዴት ይቻላል? ጠዋት ጠዋት ሻይና ብስኩት። በቃ። አራት ቀን።

«እዚህ አገር ሰው አንዴ ነው ለካ የሚጠየቀው» ብለው ሳቁ። ሴትዮዋ ደግ ናት፣ እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች አሉኝ።

አብሬያቸው ሳቅሁ። ሱቅ ወርጄ ሙዝና ዳቦ ገዛሁ፤ ሱቁ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ያበላኝን ሰው አስራብኩ። ያውም በጽሑፍ።


ያው ሰኞ፣ 1፡00 ምሽት

ማ. ደወለች፤ እያለቀሰች። ወረቀቱን ቃል በቃል ተከትያለሁ፣ ታዲያ ምን አጠፋሁ አለችኝ። ምግቤ ነው? ቤቴ ይሸታል? ኬቨን ነው ያስቀየማቸው? ለአርባ ዓመት ልጆች ስታስተምር የኖረች ሴት፣ እንደ ሕፃን እየተነፋረቀች።

እኔስ ምን አልኩ? ሽማግሌ ሰው ብዙ አይበላም፣ ራስሽን አትውቀሺ አልኳት። አመሰገነችኝ። ምላሴን በቆረጠው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ እያደር ከበደኝ።


ማክሰኞ ጥቅምት 12፣ ቀን 9፡00፣ የሥራ ቦታ

የዕረፍት ሰዓቴ ነው። ዛሬ አንዱን ሽማግሌ ሳበላ አፋቸውን ገጠሙብኝ። አንዴ ብቻ አልኳቸው፤ ገጠሙ። ለእኔ ሲሉ አልኳቸው፤ ገጠሙ። በሦስተኛው ከፈቱ። በየቀኑ የማደርገው ነው። ዛሬ ግን ማንኪያውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። የፈረንጅ ሽማግሌ በደሞዝ እለምናለሁ። የራሴን ሽማግሌ አትለምኑብኝ ብዬ ጻፍኩ።


ያው ማክሰኞ፣ 12፡30 ምሽት

ሳሮን እራት ላይ ነገረችኝ፤ ዓይኗ ስልኳ ላይ፣ በእንግሊዝኛዋ። ቅዳሜ ጋሽ ተ. የሜልተኑ ቤት ምን ቀለም ተቀባ ብለው ጠይቀዋታል። የምን ሜልተን፣ እኛ የምንኖረው ካርልተን ፎቅ ላይ ነው ብላቸዋለች። ለምንድነው ያልነገርሽኝ ብዬ ተቆጣሁ። ምኑን ነው የምነግርሽ፣ አድራሻችንን? አለችኝ።

ከቅዳሜ ጀምሮ ያውቃሉ። ትናንት መኪና ውስጥ ሲስቁ ያውቁ ነበር። እየራባቸው የእኔን ገመና ሸፍነው ቁጭ አሉ። እኔ ደግሞ ቁመቴን ይዤ አስተርጓሚ ነኝ እላለሁ።

ነገ ኦፍ ነኝ፣ ሥራ አልገባም። ቤቴ አመጣቸዋለሁ።


ረቡዕ ጥቅምት 13፣ ከሰዓት 11፡00

መጀመሪያ ማ. ጋ። ማዕድ ቤቷ ውስጥ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ቀለም የሚባል ነገር የለም፣ ቤቴ አሳፍሮኝ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው እውነት እንዳልሆነ ስጽፈው አውቅ ነበር። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እንግሊዝኛዬ ተንተባተበ፤ ሃያ ዓመት የተናገርኩት እንግሊዝኛ።

ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው አላቀቀችው። አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው።

«ሰኞ ሳለቅስ ሰምተሽኛል» አለች።

ግድ የለም አላለችም፣ ሻይም አላለችኝም። እውነቷን ነው። ኬቨን ሻንጣውን ይዞ ትራሙ ድረስ ሸኘን፤ ጋሽ ተ. ደጋግመው እጁን ጨበጡት።

ቤት ገባን። ጋሽ ተ. መስኮቱ ጋ ቆመው ከተማውን ሲያዩ ቆዩ። ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ፤ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ። ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን አቀረብኩ፤ እንጀራው የሱቅ። ይብሉ አልኳቸው። አይ፣ ደህና ነኝ አሉ። ይብሉ እንጂ። አይ፣ አልራበኝም። በሞቴ አልኳቸው። ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ሁለት እንጀራ በሉ። ሳሮን መብላቷን ትታ ታያቸዋለች፤ ከፈለጉ ለምን መጀመሪያ እምቢ ይላሉ አለችኝ። ላስረዳት ሞከርኩ። ግማሹ የገባት ይመስለኛል።

እጃቸውን ታጥበው በርበሬውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ተናገሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጅቷ እንዳትሰማ።

«ቤትሽ ቤት ነው። ለእናትሽ ግን አልዋሽላትም። ስትጠይቀኝ ያየሁትን ነው የምነግራት። ከእኔ አፍ ከምትሰማው አንቺ ቅደሚኝ።»

ዓርብ ይበራሉ። እሑድ አገር ቤት እማዬ በር ላይ ናቸው።


ሐሙስ ጥቅምት 14፣ ከሰዓት 10፡00

እዚያ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳለች። ጋሽ ተ. ሳሮን አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። የምላትን ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። ሦስት ዓመት በሰው ፊት ቀና ያደረግኳት እኔ፣ አሁን አንገት የማስደፋት እኔ። ቡና ጠጪው፣ እድሩ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም የሜልተኑን ጓሮ ያውቃል። ዛፍ ሁሉ ተክዬበታለሁ፣ ሎሚ።

ደወልኩ። እየጠራ ነው።


10፡40

አነሳች። ጤናዬን፣ ልጄን፣ ብርዱን ጠየቀች። እንግዳው አንቺ ጋ መጡ ወይ አለች። እኔ ጋ ናቸው አልኳት። በሉ? አለች። ሁለት እንጀራ አልኳት። ምርቃቷን አወረደችው፤ ማቋረጥ አልቻልኩም። ቤቱንስ አዩት፣ ወደዱት? አለች።

ሜልተን ቤት የለኝም እማዬ አልኳት። ኖሮኝም አያውቅም።

ስድቡን ጠበቅሁ። ጎረቤት ምን ይላል የሚለውን ጠበቅሁ።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን የት ነው የምታድሪው?» አለች።

ነገርኳት። እያለቀስኩ ነገርኳት። አሳዪኝ አለች። ሳሮን ስልኩን ተቀብላኝ በቪዲዮ እያዞረች እያሳየቻት ነው፤ አማርኛዋ ሲያልቅባት በእንግሊዝኛ ትሞላለች። ሁለት ክፍል ነው፣ ቶሎ ያልቃል። መታጠቢያ ቤቱን ጨርሰዋል። ወደ እኔ እየመጡ ነው፣ ፊቴን ልጥረግ።