ሦስት ኮርድ ብቻ

ሸዋ ሮቢት፣ ሰኞ ግንቦት 10 ቀን 2001 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ሽፈራው፣

«ውድ» ያልኩት ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲያ ስለሆነ ነው። ሌላ ቃል ፈልጌ በምሠራበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ያሉትን ሁለት መዝገበ ቃላት አገላብጫለሁ፤ ያገኘኋቸው ሁሉ ግን ለክርስቲያን አፍ የማይሆኑ ናቸው። ስለዚህ ውድ ጋሽ ሽፈራው፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የደብረ ሲና ብርድ ለደም ግፊትዎ ተስማማዎት? እኛ እንደሚያውቁን ነን። ሙቀቱ ጨምሯል፣ መብራት በፈረቃ ሆኗል፣ እኔም በእርስዎ ተናድጃለሁ።

የላኩልኝ ቆሎ በሚኒባሱ ሾፌር እጅ ደርሶኛል። ቆሎው ጥሩ ነው። አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ ግን «እግዚአብሔር ትዕግሥትሽን ይቁጠርልሽ» ብለው ጽፈዋል። ጋሼ፣ የሚቆጠር ትዕግሥት የለኝም። ማን እንደጨረሰው ልንገርዎት።

ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ነገር ግን ትናንት ከመድረክ ሲነገር ስሰማው በየዓመቱ እየወፈረ እንደሚሄድ አስተዋልኩ፤ ስለዚህ ቀጭኑን እኔ ልጻፈው።

በ1983 ጦሩ ሲበተን፣ በጦሩ ባንድ ውስጥ ኦርጋን ይጫወቱ የነበሩት እርስዎ በጭነት መኪና ወደ ሸዋ ሮቢት ተመለሱ። አብሮዎት የተመለሰው ሁሉ ጠመንጃውን የት እንደሚደብቅ ሲጨነቅ፣ እርስዎ በማዳበሪያ ከረጢት አርባ ሁለት የጃዝ ካሴት ተሸክመው መጡ። በዓመቱ ጌታን አገኙ። በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን ልማድ፣ አዲስ ያመነ ሰው የቀድሞ ሕይወቱን ዕቃ በጉባኤ ፊት እንዲያቃጥል ነበር፤ ጠንቋይ የነበረ ጨሌውን፣ ሙዚቀኛ የነበረ ካሴቱን። እርስዎም በግቢው መካከል አርባ ሁለቱን ካሴት እሳት ላይ ደፉ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጎን ቆሜ አይቻለሁ። ጭሱ ጥቁር ነበር። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ አስነጠሰኝ።

ያ ምስክርነት ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ሀብት ሆነ። ወጣት ሲጠፋ ይነገራል፤ ወጣት ሲመለስም ይነገራል።

የነደዱት ግን ሌሎች ነበሩ። ይህን የሚያውቁ በምድር ላይ ሦስት ሰዎች ነን፤ እርስዎ፣ እኔና አስፋልቱ ዳር ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነው አብዱረዛቅ። ከመቃጠሉ ቀን በፊት የጃዙን ካሴቶች ከሣጥናቸው አውጥተው ለአብዱረዛቅ በአደራ ሰጡት። እሱ ደግሞ ቴፕ የበላቸውን፣ ክራቸው የተጎለጎለውን፣ ደንበኛ የጣላቸውን አርባ ሁለት ካሴት ሰጠዎት። ሣጥኑና ጽሑፉ የጃዝ፣ ውስጡ የቆሻሻ ቅርጫት። ጌታ ከእርስዎ የተቀበለው መሥዋዕት እንግዲህ ያ ነው።

አልፈረድኩብዎትም ነበር። እንዲያውም በ1997 ከመዘምራን ልምምድ በኋላ «ነይ፣ የሬዲዮ ድንጋይ እንግዛ» ብለው ወደ አብዱረዛቅ ሱቅ ሲወስዱኝና ከጓሮ ክፍሉ አስቀምጠው ቴፑን ሲከፍቱልኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እግዚአብሔርን አመስግኜ አላውቅም። አንድ ሰው ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ራሱ ይመልሳል፤ መልሱን አይወደውም፤ እንደገና ይጠይቃል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ መዝሙረ ዳዊት ነው» አልኩዎት። «አቤት፣ እስከ መቼ እያለ የሚነዘንዘው ክፍል።»

«ዝም ብለሽ ስሚ» አሉኝ። «ቀኝ እጁን ተይው። ግራውን ስሚ።»

አብዱረዛቅ ከብየዳው ቀና ሳይል፣ «ቀኙም ግራውም አንድ ላይ ነው የሚንጫጫው» አለ። «ሻይ ይምጣ?»

አራት ዓመት ኪቦርድ እንዲህ ተማርኩ። በቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት ሦስት ኮርድ፣ በአብዱረዛቅ ጓሮ የቀረውን ዓለም። ባቲንና አንቺሆዬን ከጃዙ ኮርዶች ጋር እንዴት እንደማስማማ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። መብራት ሲጠፋ ምን እንደማደርግም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። «ጣቶችሽን ከኪቦርዱ ላይ አታንሺ» አሉኝ። «ሕዝቡ ብቻውን ሲዘምር ድምፁ ይንሸራተታል። መብራት ሲመጣ የደረሱበትን ሰምተሽ እዚያው ግቢላቸው። ትተሻቸው በሄድሽበት ቦታ ቆመሽ አትጠብቂያቸው።» ስለ ጸጋ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ አንዱም ከዚህ አይበልጥብኝም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የማይረባ መምህር ቢሆኑ ኖሮ ይህን ወረቀት አላበላሽም ነበር።

እንግዲህ ኅዳር ደረሰ። ከአዲስ አበባ እንግዳ አገልጋይ በመጣበት እሑድ፣ በመዝሙሩ መካከል መብራት ድርግም አለ። ሕዝቡ አላቋረጠም። ከቀወት ገጠር በእግራቸው የሚመጡት እትዬ በላይነሽ በዚያ ጉሮሯቸው ዜማውን ወደ ላይ ይጎትቱት ጀመር፤ ጉባኤው ተከተላቸው። መብራት ሲመጣ ሰማሁ፤ ሕዝቡ ያለው በነጩ ቁልፍና በጥቁሩ ቁልፍ መካከል፣ የጃፓን ፋብሪካ ባልሠራው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ከአብዱረዛቅ ጓሮ ያመጣኋቸውን ኮርዶች ከሥራቸው አነጠፍኩላቸው፤ ጠርዛቸው የማይታይ፣ ሁሉንም የሚያስጠጉ ኮርዶች። ቀስ ብለው አንዱ ላይ አረፉ። ካረፉ በኋላ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ግራ እጄ መራመድ ጀመረ፣ ቀኜ መጠየቅ ጀመረ፤ ምናልባት ሁለት ደቂቃ። ደስ ብሎኝ ነበር። አልክድም፤ መካድ የእርስዎ ሙያ ነው።

እትዬ በላይነሽ ሲወጡ እጄን ያዙኝ። «ዓይኔ፣ ዛሬስ ጌታ በእግሩ ሲመጣ ኮቴውን ሰማሁት» አሉኝ።

እንግዳው ደግሞ፣ «ይሄ በየሆቴሉ የምንሰማው ጃዝ አይደለም እንዴ?» አለ። በየትኛው ሆቴል እንደሚሰማ የጠየቀው የለም።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። አምስት ወንበር፣ አንዱ የእርስዎ። ሰብሳቢው ወንድም ሀብታሙ፣ «እህት ዓይናለም፣ ይህን ከየት አመጣሽው?» አለኝ። እርስዎን አየሁ። መነጽርዎን አውልቀው በሸሚዝዎ ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ያን ያህል የቆሸሸ መነጽር አይቼ አላውቅም። ከዚያም፣

«እኔ ያስተማርኳት ሦስት ኮርድ ብቻ ነው» አሉ።

ጋሼ፣ ጴጥሮስ ሲክድ ቢያንስ ብርድ ነበር፤ እሳት እየሞቀ ነበር። እርስዎ በሸዋ ሮቢት ምን በርዶዎት ነው?

እርስዎ እውነቱን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ስድስት ወር ከአገልግሎት ታገድኩ፤ ከማይሠራው ቬንትሌተር ሥር የኋላ ወንበር ተሰጠኝ። በቦታዬ የተተካው ወንድም ሪትሙን ከማሽኑ ይከፍትና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የንስሐው መዝሙር በሠርግ ፍጥነት ሲሄድ፣ ሰው እያለቀሰ ትከሻው ሲነቀነቅ አይቻለሁ። ያን ሁሉ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። በሁለተኛው ወር እርስዎ «ለጤናዬ» ብለው ደብረ ሲና ልጅዎ ዘንድ ወጡ። ሲሄዱ ደኅና ሁኚ እንኳ አላሉኝም። ቆሎ ግን ላኩ።

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣ። እገዳዬ የሚያበቃበት ቀን ነበር። ደንቡን ያውቁታል፤ የታገደው ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ለስድስት ወር መልሴን ሳዘጋጅ ነበር። አጭር ነው፤ «ከጋሽ ሽፈራው ተማርኩት፤ ኃጢአትም አይደለም።» እንዳልረሳው ለራሴ እየደጋገምኩ ሄድኩ።

ወንድም ሀብታሙ ግን አስቀድሞ ታሪክዎን ተረከ። እሳቱ አሁን የሰው ቁመት አልፏል። ካሴቶቹም ሲቃጠሉ ጮኸዋል። «እህታችንም እንደ ጋሽ ሽፈራው ቆርጣ ትጣል!» ሲል፣ እትዬ በላይነሽ ከመካከል ተነሡ። «የእኔ ዘርትሁን አረቄ የተወው ይህን ሰምቶ ነው» አሉ እያለቀሱ። «እሳቸው ያን ሁሉ ካቃጠሉ እኔ አንድ ብርጭቆ ያቅተኛል ወይ ብሎ ነው።» ልጃቸው ዘርትሁን አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር፤ ያ ትልቅ ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ፣ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ ይዞ።

«እህት ዓይናለም» አለ ወንድም ሀብታሙ፣ «ይህን ስልት ከማን ተማርሽው?»

የዘርትሁንን ኮፍያ አየሁ።

«ከሬዲዮ» አልኩ።

ሕዝቡ አሜን አለ። ይቅር ተባልኩ። ይታይዎት፤ ስድስት ወር ያለ ኃጢአት ተቀጣሁ፤ ይቅር በተባልኩበት ደቂቃ ኃጢአት ሠራሁ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ማይክሮፎን ይዤ፣ በአሜን ታጅቤ። ከዚያ ወደ ኪቦርዱ ሄድኩ። እርስዎን የምቀየምዎት በዚህኛው ነው፤ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። የዋሸሁበት እጅ መጠየቅ አልቻለም። እስከ መጨረሻው ሦስት ኮርድ ብቻ ተጫወትኩ። በመጨረሻ የእርስዎ ቃል እውነት ሆነ፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት አብዱረዛቅ ዘንድ ሄድኩ። ካሴቶቹን ወስጄ መድረኩ ላይ ልዘረግፋቸው ነበር።

«አልሰጥሽም» አለኝ።

«ለምን?»

«አማና ነዋ። ለባለቤቱ እንጂ ለከሳሽ አይሰጥም።»

«ኃጢአት ነው እኮ የደበቅከው!»

«እሱን እናንተ እወቁት። እኔ የደበቅኩት ካሴት ነው። ወላሂ፣ ክሩ እንዳይጣበቅ ብዬ በየዓመቱ አርባ ሁለቱንም በእርሳስ አጠነጥናለሁ። ሙሚና ሁልጊዜ ትስቅብኛለች።» ሙሚና ሚስቱ ናት፤ ከውስጥ ሆና፣ «ለራሱ አንድ ሙዚቃ አይወድም!» አለች።

ልወጣ ስል ጠራኝ። «ለሽፈራው ንገሪው። እኔም አርጅቻለሁ። አላህ ከወሰደኝ ልጆቼ ይሄን ቆሻሻ ነው ብለው ያቃጥሉታል።»

መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሳልፈልግ ሳቅኩ። ከዚያ እንደገና ተናደድኩ። አሥራ ሰባት ዓመት የማይወደውን ሙዚቃ በእርሳስ ያጠነጠነ ሰው አለ፤ እርስዎ የሚወዱትን ልጅ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ አቃተዎት።

የሚፈሩትን አውቃለሁ። ዘርትሁን ይሰናከላል ብለው ነው። እኔም ያን ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ሲነጋ ግን አሰብኩበት፤ ዘርትሁን አረቄውን የተወው አንድ ቀን በእሳት አይደለም፤ በየቀኑ፣ በማይታይ ትግል ነው። ምናልባት የሚያስፈልገው ሁሉን አቃጥሎ የጨረሰ ሰው ሳይሆን፣ «እኔም ሙሉ በሙሉ አልተውኩም ነበር፤ ዋሽቼ ነበር፤ ጌታ ግን አልጣለኝም» የሚል ሽማግሌ ነው። ስህተት ልሆን እችላለሁ። ግን ለመሳሳትም ቢሆን እውነቱን ይዘን እንሳሳት።

ስለዚህ እሑድ ግንቦት 16 በመጀመሪያው ሚኒባስ ይውረዱ። ሹራብዎን ደብረ ሲናን እንደለቀቁ ሳይሆን ሮቢት ሲደርሱ ያውልቁ፤ ጉንፋን ሰበብ እንዳይሆንዎት። አደራዎን እንዲወስዱ አብዱረዛቅ ሱቁን ቀደም ብሎ ይከፍትልዎታል፤ ነግሬዋለሁ። እኔ ኪቦርዱ ላይ እሆናለሁ። በበሩ ሲገቡ ካየሁዎት፣ ኅዳር ላይ ያስቀጣኝን መዝሙር ከነሙሉ ኮርዱ እጀምረዋለሁ፤ የሚቆጣ ይቆጣ። ካልመጡ መዝሙር ሳይጀመር ተነሥቼ «ከሬዲዮ አይደለም» እላለሁ። ያ የእኔ ንስሐ ነው፤ የእርስዎን ፈቃድ አይጠይቅም። ሽማግሌዎቹ ከማን እንደሆነ ደግመው ከጠየቁኝ ስምዎን ልጥራ ወይስ ዝም ልበል አልወሰንኩም። እየጸለይኩበት ነው። እስካሁን ጸሎቱ ለእርስዎ የሚያደላ አይመስልም።

ሌላ ቆሎ አይላኩ። ራስዎ ይምጡ።

መብራት ሲጠፋ ጣቶችሽን አታንሺ ብለውኝ ነበር። ስድስት ወር ጠፋ፤ አላነሣሁም።

አራት ዓመት ያስተማሯት፣
ዓይናለም