ከሞስታር ድልድይ እስከ ዳንግላ መንገድ፦ የወይዘሮ ዘውድነሽ ባዘዘው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዘውድነሽ ከአባታቸው ከአቶ ባዘዘው ፈንታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይመኙሽ አየለ በመስከረም ወር 1949 ዓ.ም. ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። ልጃቸውን በሰባት ዓመታቸው ያለ ኮርቻ ፈረስ ላይ አወጧቸው። ወድቀው ግንባራቸው ሲፈነከት አባትየው "ደሙን ጥረጊና ተመልሰሽ ውጪ" አሏቸው፤ ወጡም።

አንደኛ ደረጃን ቆሰበር፣ ሁለተኛ ደረጃን ዳንግላ ተማሩ። በ1970 ዓ.ም. መምህር የነበረው ታላቅ ወንድማቸው ባምላክ ከሚያስተምርበት ክፍል ተይዞ ተወሰደ፤ በአራተኛው ቀን ከከተማው ዳር በጥይት ተመትቶ ተገኘ። ማልቀስ እንኳ በሚያስጠይቅበት በዚያ ወቅት ሬሳውን ያጠቡት የሃያ አንድ ዓመቷ እህቱ ነበሩ። ሰባት ቁስል ቆጠሩ። በዓመቱ ነርስ ለመሆን ተመዘገቡ።

በ1975 ዓ.ም. ከጂኦግራፊ መምህሩ ከአቶ ሽባባው መኮነን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ምህረቴንና በዛብህን ወለዱ። አቶ ሽባባው አይተዋቸው የማያውቁ ከተሞችን በጠመኔ እየሣሉ ሲያስተምሩ፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ በጤና ጣቢያ ቁስል ይሰፉ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ጎጃም ሲገባ ቁስለኛው በጭነት መኪና ይመጣ ጀመር። ማደንዘዣ አልቆ እግር ሲቆረጥ፣ ቁስለኛውን ደረቱ ላይ ተኝተው የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። አንዱ ቁስለኛ ሌባ ጣታቸውን እስከ አጥንቱ ነከሰው፤ ጣቱም ከዚያ ወዲህ ታጥፎ አያውቅም። ልጁ የየትኛው ወገን እንደነበር ሲጠየቁ "የሚጮኸው ወገን" ብለው ያልፉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ሁለቱም ጡረታ ወጡ። ጣሊያን የምትኖረው ምህረቴ ስትጋብዛቸው፣ ለከሰል ይሆናል ብለው በእጃቸው የተከሉትን የዲከረንስ ዛፍ ሸጠው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ኮሮና ካገዳቸው ጊዜ በቀር በየዓመቱ ወጥተዋል። አይቸኩሉም፤ አንድ ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቀመጣሉ። ባልየው ግንቡን፣ ሚስትየው ሰዉን ያያሉ። የስፔኗን ቶሌዶን ከበር እስከ በር በእግራቸው ዞረዋታል።

በ2011 ዓ.ም. ናፖሊ ውስጥ፣ በአሮጌው ሰፈር ቀጭን መንገድ፣ በሞተር ብስክሌት የመጡ ሁለት ሰዎች የወይዘሮ ዘውድነሽን ቦርሳ ሊነጥቁ ያዙ። እሳቸው አልለቀቁም። ሞተሩ ድንጋይ ንጣፉ ላይ ጎተታቸው፤ ጉልበታቸው ተገሸለጠ፣ ክንዳቸው ተሰበረ። እየተጎተቱም በትውልድ ቋንቋቸው በአዊኛ ይራገሙ ነበር። አቶ ሽባባው "ዘውዴ፣ ልቀቂው" እያሉ ሮጠው ነጂውን በከዘራ ፊቱን ሲሉት ሞተሩ ግድግዳ መታ። ፖሊስ ሲደርስ ወይዘሮ ዘውድነሽ በደህና እጃቸው የሌባውን አፍንጫ ደም ይዘው ያቆሙ ነበር።

ቦስኒያ ውስጥ ወዳለችው ሞስታር የሄዱት በ2015 ዓ.ም. ነው። በጦርነት ፈርሶ እንደገና የተሠራውን ድልድይ አቶ ሽባባው ሲያደንቁ፣ እሳቸው አንድ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን የጥይት ቀዳዳ በጣታቸው ይዳስሱ ነበር። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ወጥተው አዩዋቸው። አሮጊቷ አንገታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩ፤ ወይዘሮ ዘውድነሽም የማይታጠፈውን ጣታቸውን አሳዩ። ቋንቋ ሳይግባቡ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዋሉ።

ባለፈው ታኅሣሥ ጣሊያን ሳሉ የእህታቸው የወይዘሮ እንቁ የሙት ዓመት ተቃረበ። በአገር ቤት መንገዱ ተኩስ ነበር። ምህረቴ እግራቸው ላይ ወድቃ "እማዬ፣ ሰላም እስኪሆን እዚሁ ቆዩ" አለቻቸው። አቶ ሽባባውም መቆየቱን ወድደው ነበር። ወይዘሮ ዘውድነሽ ግን "ሰላም እስኪሆን ብጠብቅ ኖሮ አላገባም፣ አልወልድም ነበር" አሉ። አብረው ተመለሱ።

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ለሙት ዓመቱ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ወጡ። ዳንግላን እንዳለፉ ከሁለቱም በኩል ተኩስ ተከፈተ። መስታወቱ ረገፈ፤ ሾፌሩ ዩኑስ ጭኑን ተመታ። ሰዉ ወርዶ ቦይ ውስጥ ተኛ። ዩኑስ ከመኪናው ሥር ወድቆ ደሙ ይንዠቀዠቅ ነበር። እሳቸው ሊሄዱ ሲነሡ አቶ ሽባባው ቀሚሳቸውን ያዙ።

"ይጨርሱሻል" አሏቸው።

"አምስት ደቂቃ የለውም። ቀሚሴን ልቀቀኝ።"

ለቀቋቸው። በደረታቸው ተስበው ደረሱ፤ ጭኑን በመቀነታቸው አስረው በመኪና መፍቻ ጠመዘዙት። ደሙ ቆመ። ሁለተኛውን ዙር ሲያጠብቁ ጥይት በብብታቸው ገባ። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አናውቅም። አቶ ሽባባው ተስበው ደርሰው ሲያቅፏቸው ዓይናቸው መፍቻው ላይ ነበር።

"እንዳትፈታው" አሉ። ቀጥለውም፣ "ሰዓቱን ጻፍበት። ሐኪሞቹ ይጠይቃሉ።"

አቶ ሽባባው ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ዩኑስ ክንድ ላይ "5፡40" ብለው ጻፉ። ቀና ሲሉ ባለቤታቸው አርፈዋል። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ከባለቤታቸው ጋር አርባ ሁለት ዓመት ኖረዋል፤ ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች አይተዋል። ምህረቴ መንገድ ላይ ናት፤ ለቀብሩ አልደረሰችም። የዩኑስ እናት ወይዘሮ ሲሀም ግን ከሐኪም ቤት ልጃቸውን ትተው መጥተው፣ ዛሬ ከአቶ ሽባባው ጎን ቆመዋል። የዩኑስ እግር አልተቆረጠም።

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን ተኩስ በማይሰማበት ያሳርፍልን። ለቀረነውም መንገዱን ይክፈትልን። አሜን።