ሁለት ቦታ የተቀደደው ቀሚስ

እማዬ «ይምጣ» አለች! በገዛ አፏ! ሰላምታው ይቆየኝ፣ ጤናህንም በኋላ እጠይቅሃለሁ፤ መጀመሪያ ይቺን ስማ።

ውድ ወንድሜ፣ «ስፈታ ወደማላውቀው አገር እሄዳለሁ፣ እናቴ ፊት አልቆምም» ብለህ የላክህብኝን ቃል እርሳው።

ያን ቀን እማዬ ያደረገችውን አላየህም፤ ስትደርስ ፖሊሶቹ እየጎተቱ ሊያወጡህ ነበር። አባታችን በሞተ በዓመቱ፣ መበየጃ ቤቱን ማን ይምራው ብላችሁ አንተና ታላቃችን ስትቧቀሱ ልገላግል የገባሁት እኔ ነኝ። እሱ አንገትህን አንቆሃል፣ ዓይንህ ሊወጣ ደርሷል፤ እጅህ መዶሻውን አገኘ። ግንባሩ እንደ ሸክላ ሲሰነጠቅ ሰምቻለሁ። ደሙ በብረት ብናኙ ላይ ሲሄድ እማዬ ደረሰች። አልጮኸችም። የቀሚሷን አንገትጌ በሁለት እጇ ይዛ እስከ ወገቧ ተረተረችው። እኔ ታላቃችንን ይዤ ስለነበር ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አላየሁም። ማታ ግን ራሷን ተላጭታ፣ ዐመድ ነስንሳ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

ታውቃታለህ፣ ብሉዩን እንደ ጎረቤት ወሬ ነው የምታወራው። የያዕቆብን ማቅ፣ የኢዮብን ዐመድ በዓይኗ ያየች ይመስልሃል። ሐዘን ሲመጣባት እንደ እነሱ አዘነች። ፀጉሯ በቅሏል፣ ቀሚሱ ግን እስከ ዛሬ አልተቀየረም፤ ራሷ አጥባ መልሳ ትለብሰዋለች፣ ከላይ ሹራብ ትደርባለች። እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ የሰው ሁሉ ቅዳጅ የምሰፋው፣ «እማዬ ልስፋልሽ?» ስላት እጄን በጥፊ! ስምህ ሲነሳ ደግሞ ብድግ ብላ ትወጣለች። እኛም «ረግማዋለች» ብለን አፋችንን ዘጋን።

ትናንት አጎታችን መጣ። ልትፈታ መሆኑን ሰምቶ ደሙ ፈልቷል።

«ያ ገዳይ ይህን ደጅ ቢረግጥ በዚህ እጄ አንቄ ነው የምደፋው! አንቺም አንዱን ቀብረሽ፣ ሌላውን ረግመሽ ጨርሰሻል» አላት።

ዘነዘናውን አንስታ ወረወረችበት! ጉልበቱ ላይ! «ወይኔ እግሬን!» ብሎ ዘጭ አለ።

«ማን ነው የረገመው? ዳዊት ለአቤሴሎም ሲያለቅስ፣ አቤሴሎም ወንድሙን ያስገደለ አልነበረም እንዴ?»

«ዳዊት ንጉሥ ነው፣ እንዳሻው ያለቅሳል!»

«እኔ ደግሞ እናት ነኝ! ና እስቲ ከልክለኝ!»

ሹራቧን አውልቃ ወረወረች። የደረቱን ቅዳጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። በግራ ጎኗ ግን፣ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ፣ ሌላ አለ። ስፌት የለቀቀ አይደለም፣ ያረጀም አይደለም፤ በጉልበት የተቀደደ ነው። ይህን እንኳ አውቃለሁ።

«ይሄ ለሞተው ነው» አለች ደረቷን እየደቃች። «ይሄኛው ፖሊስ ለጎተተብኝ። በአንድ ቀን ነው ሁለቱንም ያጣሁት! ስሙን ስትጠሩ የምወጣው ላለቅስለት ነው። እናንተ ፊት ባለቅስ፣ ‹ለገዳይ አለቀሰች፣ የሟቹን ደም ረገጠች› አትሉኝም ነበር?»

አጎታችን ጉልበቱን እንዳቀፈ፣ «በረዶ የላችሁም?» አለኝ።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «መርፌሽን አምጪ። የጎኑን ስፊው፤ እሱ በሕይወት አለ። የደረቱን እንዳትነኪው፣ እኔ ስሞት አብሮኝ ይቀበራል። ለወንድምሽም ንገሪው፣ ይምጣ።»

እላይዋ ላይ እንዳለ ሰፋሁት። መርፌው ስቶኝ ብወጋት፣ «አንቺ ደግሞ ልትገድይኝ ነው?» ብላ ሳቀች። ሳቀች እልሃለሁ!

አልዋሽህም፣ ስትገባ የታላቃችን ወንበር ባዶውን ነው። ታየዋለህ። ከእማዬ ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብላችሁ አልቅሱ፤ እስካሁን አንዳችሁም ደግ አድርጋችሁ አላለቀሳችሁም። ከዚያ እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ እኔም ጎረቤት እስኪያማርር እስቃለሁ።

የምትፈታው ዓርብ ነው፤ ከበሩ ላይ እኔ እወስድሃለሁ። ለዘመድ ሁሉ ነግሬያለሁ፣ አጎታችንም እያነከሰ «እሺ» ብሏል። የቀረ ሰው ከእማዬ ጋር ይነጋገር። ድግሱ እሁድ ነው፣ ልክ በቀትር!

ለፍላፊዋ እህትህ