ቤት ላለው ውሻ ቤት ስለሰጣችሁልኝ

ለተከበሩ የ«ቤት አለህ» የቴሌቪዥን ዝግጅት ዋና አዘጋጅ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ካሜራዎችዎ፣ እንዲሁም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሳታቋርጥ የምታለቅሰው አቅራቢዎ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ውሻዬን በእርስዎ ቸርነት ከማጣቴ በቀር እጅግ ደህና ነኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከዳቦ ቤቱ ማዶ ባለችው አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሴት ነኝ። ባለፈው ወር በዝግጅትዎ ላይ «ጨካኝ ሰው መንገድ ላይ የጣለው ምስኪን» ተብሎ የቀረበው፣ ኋላም «ልዑል» የሚል ስም ወጥቶለት ለባለ ሁለት ፎቁ ቤተሰብ የተበረከተው ቡናማ ውሻ ትክክለኛ ስሙ አኩራፊው ነው። ጨካኙ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ይኸው ተዋወቅን።

አኩራፊው ያልነው ፊቱ ሲፈጠር እንዲያ ስለሆነ ነው። አጥንት ሲሰጡትም፣ ሆዱን ሲያኩለትም ርስቱን እንደተነጠቀ ሰው ነው የሚያየው። የእርስዎ ባልደረቦች ይህን ፊት አይተው አንጀታቸው ቢላወስ አልፈርድባቸውም፤ እኔንም የዛሬ ስድስት ዓመት በዚሁ ፊት ነው ያታለለኝ። ሆኖም ከምስጋናዬ ጋር ጥቂት ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ውሻዬን በወሰዳችሁበት ማክሰኞ ጠዋት እሱ ሱቄ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ እኔ ውስጥ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እየለካሁ፣ አሥራ አንድ ስፒል በከንፈሬ ይዤ ነበር። ካሜራችሁን በመስታወቱ ሳየው የሱቄን ሰሌዳ የምትቀርጹ መስሎኝ፣ አልዋሽዎትም፣ በደህናው ጎኔ ዞርኩ። ሙሽሪት ፀጉሯን አበጀች፣ አክስቷ ሻርፗን አስተካከለች፣ ከዚያም ሦስታችንም እንደ ጅል እጃችንን አውለበለብን። ይህችኑ ማውለብለባችንን ቅዳሜ «የሰፈሩ ሰዎች በሲቃ ድምፃቸው ተዘግቶ ሲሰናበቱት» ብላችሁ አቀረባችኋት። ክቡር ሆይ፣ ሲቃ አልነበረም፤ ስፒል ነበር። አኩራፊውን ጭናችሁ የመኪናችሁ በር ሲዘጋ ነገሩ ገብቶኝ፣ ስፒሉን ተፍቼ እየጮህኩ ስወጣ መታጠፊያውን አልፋችኋል።

ሁለተኛ፣ አቅራቢዎ ውሻውን «በቡትቶ ክምር ላይ ወድቆ» እንዳገኘችው በእንባ ተናግራለች። ቡትቶ! ያ ምንጣፍ ከአርባ ሦስት ደንበኞቼ ቁራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ በድርብ ስፌት የተሰፋ፣ ዙሪያው የተቀመቀመ የእጄ ሥራ ነው፤ እሷ ያን ቀን የለበሰችው ጃኬት እንኳ እንደሱ ያለ ስፌት አልነበረውም፤ የግራ ትከሻው ተጣሞ እንደነበር በትሕትና አሳስባለሁ። «በፕላስቲክ ገመድ አንገቱን ታንቆ» የተባለውም የኔው አሮጌ ሜትር ነው። ቁጥሩ እኮ በግልጽ ይታያል፤ የአንገቱ ዙሪያ ሠላሳ ስምንት ነው።

ሦስተኛ፣ የርክክቡን ሥነ ሥርዓት ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ በቴሌቪዥን ተመለከትኩ። ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛ አረፋውን እንደለበሰ ተነስቶ አኩራፊውን በጣቱ ሲያሳየን፣ ሱቁ በሙሉ «ጉድ! ጉድ!» አለ። እኔም ፎቁን፣ ደረጃውን፣ የሚያበራውን ወለል፣ የሚስቁትን ጥርሶች ሁሉ አየሁ። አንድ ነገር ብቻ ዓይኔን ወጋኝ፤ ከሶፋው ጫፍ፣ ካሜራችሁ ሊቆርጠው ሲታገል ያመለጠው፣ ክርኑ ላይ የተተረተረ የአንድ ሰው ሹራብ ነበር። በዚያ ሁሉ ሀብት መሀል መርፌና ክር አለመኖሩ ገርሞኛል።

አራተኛ፣ ቢሯችሁ ደውዬ ውሻው የኔ መሆኑን ስናገር፣ ውሻ የሚገኘው በማመልከቻ ብቻ መሆኑን እጅግ በተለሳለሰ ድምፅ አስረዱኝ። ስለዚህ የገዛ ውሻዬን ለማግኘት አመለከትኩ። ሁለት ገምጋሚዎች መጥተው የሱቄንና ከኋላ ያለችውን የመኝታ ክፍሌን ወርድና ቁመት ሲለኩ፣ ሜትራቸው አልዘረጋ ብሎ ስላስቸገራቸው የኔን አዋስኳቸው። ከዚህ በፊት ውሻ ኖሮኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አዎን አልኩ። አሁን የት እንዳለ ጠየቁኝ፤ እናንተ ዘንድ አልኩ። በሳምንቱ የደረሰኝ ደብዳቤ «አመልካቿ እንስሳን አሳልፎ የመስጠት ታሪክ ያላቸው በመሆኑ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም» ይላል። በሳቅ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ከዚያ ደግሞ፣ ለምን እደብቅዎታለሁ፣ አለቀስኩ፤ ያውም ያለ ካሜራ።

ናፍቆኛል፣ ክቡር ሆይ። የስፌት መኪናዬን ስረግጥ አገጩን ግራ እግሬ ላይ ጣል አድርጎ ነበር የሚተኛው። አሁን እግሬ ባዶ ሲሆንብኝ ሐሳቤ እየሄደ፣ ትናንት የአንድን መምህር ኮት እጅጌ ከኪሱ ጋር ሰፍቼው ተገኘሁ። መምህሩ ሲለብሰው እጁ መውጫ አጣ። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፦ ሽልማት አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም፣ ውሻዬን መልሱልኝ።

ጤናዎ እንደ ጥሩ ስፌት ይጥበቅልዎ፣ ዕድሜዎ እንደ ክር ጥቅል ሳይቋጠር ይተርተርልዎ እያልኩ፣ በጨካኝነቴ በአገር የታወቅሁት፣ አርባ ሦስት ቁራጭ ቡትቶ ታቅፌ የቀረሁት፣ የዘወትር ተመልካችዎ፣

ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ ባስቀመጥኩ ማግስት የሱቄ በር ተበርግዶ አኩራፊው ገባ። ከማሰሪያው ጫፍ ደግሞ አንድ ሽማግሌ እየተጎተቱ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተከተሉት። ፊታቸውን አላውቀውም፤ የሹራባቸውን ክርን ግን ወዲያው አወቅኩት። የባለ ሁለት ፎቁ ጌታ አባት ናቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳሎኑን እንዲለቁ ሲባል ውሻውን የማንሸራሸር ሥራ ተሰጥቷቸው፣ እሱ ደግሞ እየጎተተ ቀጥ አድርጎ ወደ እኔ አመጣቸው። ከዚያ ወዲህ አባባ በየቀኑ ጠዋት መጥተው ደጃፌ ላይ አብረውት ፀሐይ ይሞቃሉ፣ አዝራር ይለዩልኛል፣ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ይሟገታሉ። ሲመሽ ውሻውን እኔ ዘንድ ትተውት ይሄዳሉ። ይኸው ዘጠኝ ቀን ሆነ፤ ከዚያ ቤት ልዑል የት ገባ ብሎ የጠየቀ የለም። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ የት እንደሚውሉ የጠየቀም የለም። ክርናቸውን ጠቅሜላቸዋለሁ። እንግዲህ በዚህ መንገድ ስታልፉ ሁለት ያኮረፉ ፊቶች ደጃፌ ላይ ብታዩ፣ እባክዎን ካሜራውን አያስወርዱት፤ ሁለቱም ቤት አላቸው።