ስለ ስድስተኛው መስታወት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የግንባታ ደኅንነት ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም ጤናችሁ እንዲበዛ፣ የተቀመጡበት ወንበር እንዲደላዎት፣ ወንበሩ ያረፈበት ወለልም ከሥርዎ እንዳይሸሽ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞት እንግዳ ሊመስልዎት ይችላል፤ በእኛ ሰፈር ግን ካለፉት አሥራ አንድ ሳምንታት ወዲህ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከልጆች ጤና ቀጥሎ የሚጠያየቀው ስለ ወለሉ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ ራሴን ላስታውስዎት። በጽሕፈት ቤትዎ ኮሪደር፣ ከውሃ ማጣሪያው አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ አራት ጊዜ ተቀምጬ የጠበቅሁዎት፣ ጉልበቴ ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ያስቀመጥኩት ሽማግሌ እኔ ነኝ። ሥራዬ በርና መስኮት መሥራት ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ቤቴ ለባለ አሥራ ስድስት ፎቁ ሕንፃ በተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው፤ ከመስኮትዎ ሆነው ጉድጓዱን አሻግረው ሲመለከቱ ሰማያዊ የግቢ በር ያላት ቤት ትታይዎታለች። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከስድስት ዓመት ወዲህ እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋት በተሽከርካሪ ወንበር ትንቀሳቀሳለች፤ የምትተኛውም ወደ ጉድጓዱ በዞረው ግድግዳ ሥር ነው።

ቅሬታ የሚለው ቃል ለማዕረግዎ ስለማይመጥን ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ሁሉ እንደ ምስጋና እንዲቀበሉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ ስለ አፈር ምርመራው አመሰግናለሁ። ትልቁ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የመሬቱ ጠባይ በስድስት ቦታ እየተበሳ እንዲታይ፣ ከስድስቱም አንዱ በእኛ ግቢ ውስጥ እንዲሆን ታዝዞ እንደነበር ሠራተኞቹ በካርታቸው ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ አሳይተውኛል። ማሽናቸው ግን በግቢያችን በር አልገባ አለ፤ አንድ ክንድ ያህል ሰፋ። ግማሽ ቀን ከሰጣችሁኝ በሩን ነቅዬ አሰፋላችኋለሁ ብላቸው፣ የቆፋሪዎቹ አለቃ ስልክ ደውሎ ጠየቀና «አባባ፣ አይድከሙ፣ እሱንም እዚያው አስፋልቱ ዳር ብሱት ብለውናል» ብሎኝ ሄደ። በዚህ መሠረት ስድስቱም ቦታ ማሽኑ ተመችቶት በሚቆምበት ተበሳ፤ ስድስቱም ዐለት አወጣ፤ ሪፖርቱም መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ዐለት መሆኑን አበሰረን። ይህን ለእህቴ ስነግራት ሳቀች። እሷ ልጅ ሳለች ጓሯችን ውስጥ ምንጭ ነበር፤ ውሃው ከዚያ ተነስቶ ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ልብሱን የሚያጥበው በእሱ ነበር፤ ኋላ ነው በጋሪ አፈር እየተጋዘ ተደፍኖ ቤት የተሠራበት። ይህን ለማወቅ አንዲት አሮጊት መጠየቅ ይበቃ ነበር፤ እሷ ደግሞ ጨዋታ ትወዳለች፣ ለጠየቃት አትሰስትም። አሁን በእኛ በኩል ሁለት የውሃ ፓምፖች ጠዋት ተነስተው እስኪመሽ ከዚያ ከዐለቱ ውስጥ ጥቁር ውሃ ሲቀዱ ይውላሉ።

ሁለተኛ፦ ስለ መስታወቱ አመሰግናለሁ። ግድግዳችን ላይ ስንጥቅ ሲወጣ ባመለከትኩ በሦስተኛው ቀን የላኩልን ባለሙያ ትጉህ ሰው ነው፤ ሰፈርተኛው «ባለመስታወቱ» ይለዋል። ጣት የምታህል ስስ መስታወት በስንጥቁ ላይ አጋድሞ፣ ሁለቱን ጫፎቿን በጄሶ ለጥፎ፣ ከሥሯ ቀኑን በእርሳስ ጻፈ። ግድግዳው ባለበት ከቆመ መስታወቷ ደኅና ናት፤ ከተንቀሳቀሰ ትሰበራለች። እኔም የእጅ ሙያተኛ ነኝና ዘዴው ደስ አለኝ። በዘጠነኛው ቀን ተሰበረች። ባለመስታወቱ መጥቶ በስባሪዎቹ መካከል የተከፈተውን ለካ፤ አንድ ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር ሆነ፤ የተፈቀደው እስከ አምስት ስለሆነ «አያሰጋም» ብሎ ጻፈ። ከዚያም ስባሪውን ነቅሎ አዲስ መስታወት ለጠፈና ከዜሮ ጀመረ። ሁለተኛዋ ስትሰበር አንድ ነጥብ ሰባት፣ አያሰጋም። ሦስተኛዋ አንድ ነጥብ ሁለት፣ አራተኛዋ አንድ ነጥብ ስድስት፣ አምስተኛዋ አንድ ነጥብ ስምንት፤ ሁሉም አያሰጋም፣ ሁሉም ከዜሮ።

አምስቱን ለምን አትደምራቸውም ብዬ ስጠይቀው፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰውየው አፈረ፤ «አባባ፣ ቅጹ እኮ የድምር ቦታ የለውም» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በገባ ቁጥር ለእህቴ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፣ ትራሷንም አስተካክሎላት ያውቃል። ስባሪዎቹን እሱ ሊጥላቸው ሲል እኔ እየለቀምኩ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀመጥኳቸው፤ ቁጥሮቹንም ወረቀት ላይ ደመርኳቸው፤ ሰባት ነጥብ ሰባት መጣ። መጀመሪያ ምላጭ የማያስገባው ስንጥቅ ዛሬ የአናጺ እርሳሴን እስከ ወገቧ ይውጣታል። በአሁኑ ሰዓት ስድስተኛዋ መስታወት ተለጥፋ፣ ግድግዳችን በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ላይ ዛሬም ምንም ያልተንቀሳቀሰ ግድግዳ ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። በየረቡዑ የሚመጣው ቀያሽ የቤታችንን መንቀሳቀስ የሚለካው ከግቢያችን በር ምሰሶ ላይ ከተመታች ምስማር ተነስቶ ነው። ምሰሶውም ቤቱም አብረው ወደ ጉድጓዱ ሲጓዙ በመካከላቸው ያለው ርቀት ንቅንቅ አይልም። አንድ አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞችም አንዱ ሌላውን እያየ ከቦታችን አልተነሳንም ብለው ሊማማሉ ይችላሉ።

ወደ አራተኛው ከመሸጋገሬ በፊት፣ በጽሕፈት ቤትዎ አሠራር ያለፈው ሁሉ ተነቅሎ ከዜሮ እንደሚጀመር ስለተማርኩ፣ ከዚህ በላይ ያሰለቸሁዎትን ሦስቱንም እንደነቀልኳቸው ይቁጠሩልኝ፤ እስካሁን ምንም አላማረርኩም።

አንደኛ፦ ስለ በሩ። የእህቴን ክፍል በር የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ እግሯ የከዳት ዓመት፣ ተሽከርካሪ ወንበሯ ሳይነካ እንዲያሳልፋት መቃኑን አስፍቼ፣ ሠላሳ ዓመት የደረቀ ሳንቃ መርጬ የሠራሁት ነው። በእነዚህ አሥራ አንድ ሳምንታት አራት ጊዜ አልዘጋ፣ ሲዘጋም አልከፈት ብሎኝ አራት ጊዜ ጠርዙን በመላጊያ ላግሁት። ይህንንም ባመለክት በማኅተም የተረጋገጠ መልስ ደረሰኝ፤ እንጨት በተፈጥሮው በእርጥበት ያብጣል ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ክቡር ሆይ፣ ከዝናብ ከተለያየን ወራት አልፈዋል። ደግሞም ያበጠ በር ከላይ እስከ ታች ነው የሚነካው፤ መቃኑ የዘመመ በር ግን የሚነካው በላይኛው ጥግ ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በጽሕፈት ቤትዎ ባይኖር አልፈርድም፣ የበር ሙያ የተናቀ ሙያ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ በሩ ተዘግቶ ጠበቀኝ፤ ገፋሁት፣ በትከሻዬ መታሁት፣ አልነቃነቅ አለ። እህቴ ውስጥ ነበረች። ግድግዳው በዚያን ሰዓት በጥርስ እንደሚታኘክ ቆሎ ሲንቋቋ ከውጭ እሰማው ነበር። አርባ ዓመት መዶሻ የያዝኩት እኔ፣ ማጠፊያውን ለመፍታት አንዷን ብሎን ሦስት ጊዜ ሳትኳት። እሷ ከውስጥ ሆና «አይዞህ ወንድሜ፣ ቀስ በል፣ እኔ የትም አልሄድ» አለችኝ። ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። በሩን ነቅዬ ከግቢው አጥር ጋር አስደግፌዋለሁ። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ፊት ነጠላዋን ሳታስተካክል ቀርባ የማታውቅ ሴት ስትሆን፣ አሁን በር በሌለው ክፍል ትተኛለች፤ ልብሷን ስትቀይር አንሶላ እጋርድላታለሁ።

እዚህ ላይም ነቅለን እንጀምር።

አንደኛ፦ አዛውራት ይሉኝ ይሆናል። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ የሁለቱም ጣሪያ ያረፈው በዚያው በተሰነጠቀው ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ባዛውራት አልጋዋ ቦታ ቀየረ እንጂ እሷ አልተረፈችም። ጊዜያዊ ማረፊያ እንዲሰጠን የመንደራችንን አስተዳደር ጠይቄ ነበር፤ በጣም ቅን ሰዎች ናቸው፣ ቁልፉን ሁሉ አሳይተውኛል። ቁልፉን ለመስጠት የሚጠይቁኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፣ እሱም ቤቱ እንደሚያሰጋ ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ። ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት የተጻፉ አምስት ወረቀቶች አሉኝ፤ አምስቱም አያሰጋም ይላሉ። የእርስዎ ቃል የማይታበል በመሆኑ ለተሰጠን ክብር ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ እህቴ በማኅተም ደኅና ናት።

እንግዲህ ምስጋናው ካበቃ አንዲት ልመና ትቀረኛለች። አምስቱ ቁጥሮች ይደመሩ። ከመጀመሪያዋ መስታወት ጀምሮ፣ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ መስመር ይደመሩ፤ ከዚያ በኋላ ያሰጋል ወይም አያሰጋም ብለው እርስዎ ራስዎ ይፈርሙበት። ድምሩ እኔ ያገኘሁት ከሆነ እህቴ ማረፊያ ታግኝ፤ በእኛ በኩል ያለው ቁፋሮም ለአፈሩ የብረት ድጋፍ እስኪገባለት ይቁም። የአፈር ምርመራውንም ማድረግ ከፈለጉ አሁን ችግር የለም፤ ማሽኑ ሁለት ሜትር ከአርባ እንደሚሰፋ ለክቼ ስለነበር የግቢያችንን በር ሁለት ሜትር ከስልሳ አድርጌዋለሁ። ሰማያዊ ቀለሙንም አድሼዋለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ቅጠሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ ከእርስዎ የሚፈለገው መምጣት ብቻ ነው።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለጤናዎ፣ ለወንበርዎና ለወለልዎ ያለኝን ምኞት ደግሜ በማደስ፣ በአራት ጊዜ መላግ የደነዘዘ መላጊያዬን ከደረቴ አስጠግቼ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ከጉድጓዱ ማዶ፣ ሰማያዊ በር ካላት ቤት፣
ጡረተኛው አናጺ

ግልባጭ፦
– ለመንደሩ አስተዳደር
– ለባለመስታወቱ፣ ከአክብሮት ጋር
– ለስድስተኛዋ መስታወት፣ እስካለች ድረስ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ ለአራተኛ ጊዜ ኮሪደርዎ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ጸሐፊዎ የቢሮዎን በር ለመዝጋት ሦስት ጊዜ በትከሻዋ ገፋችው፤ እያየኋት መሆኔን ስታውቅ ፈገግ ብላ «ሰሞኑን እንጨቱ አብጦ አስቸገረን» አለችኝ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ብድግ ብዬ አየሁት። ከታች ነጻ ነው፤ ከመሀልም ነጻ ነው፤ ቀለሙ የተላጠው በላይኛው ጥግ ብቻ ነው፣ ጥፍር የምታህል። ቤት ገብቼ ለእህቴ ስነግራት ቢሮዎ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እሷም «ያጠብነውን የምናሰጣው እዚያ ነበር፤ ውሃው በሥሩ ነው የሚያልፈው» አለች። መጥቼ በነጻ ብልግልዎት ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የእኔን አራት ጊዜ ልጌ ያተረፍኩትን ከላይ አንብበዋል። ባለመስታወቱንም መላክ የእርስዎ ሥልጣን ስለሆነ በዚያ አልገባም። ብቻ እስከዚያው፣ ክቡር ሆይ፣ በርዎን ክፍት አድርገው ይሥሩ።