ሌንሱ ገጥሟል፣ ፊት ግን አልታየም

ለተከበሩ አቶ መኩሪያ፣ የሰፈራችን መረዳጃ ዕድር ሰብሳቢ፣
እንዲሁም ለተከበረው የግዢ ኮሚቴ፣
መካኒሳ አቦ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለኮሚቴው አባላት የጉልበት፣ የጆሮና በተለይም የዓይን ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በዕድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ቢሮዎ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ብቻቸውን ተቀምጠው እንዳይሰለቻቸው ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አባላት ባጭሩ ላስረዳ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፎቶ አንሺ ነበር። ሰፈሩን ሁሉ ሲያነሳ ኖሮ፣ በሞተ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ የቆመለት ፎቶ ግን ከመታወቂያው ላይ ተወስዶ የሰፋ፣ ግማሽ ግንባሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት ነበር። ካሜራው ቤታችን ውስጥ እያለ አንድ ቀን እንኳ እስቲ አንተም ተቀመጥ አላልኩትም። ስለዚህ ከካሜራው የተረፈውን ሌንስ ለዕድሩ ሰጠሁ፤ ዕድሩ ሌንሱ የሚገጠምበትን የካሜራ አካል፣ ቦዲ የሚሉትን፣ ሊገዛ፣ እኔም አረጋውያን አባላትን በሕይወት ሳሉ ላነሳቸው ተስማማን። ተራው በቅድሚያ የደረሳቸው እማማ ገበያነሽ ናቸው፤ ታመው አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. ኮሚቴው እንደ ወጉ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ የረከሰውን ስለመረጠ አመሰግናለሁ። ብረት ድስትና ወንበር ስንገዛ የኖርነው በዚሁ መንገድ ነው፤ ብረት ድስት ደግሞ ክዳኑ ከገጠመ ሌላ ምን ይፈለግበታል? የኮሚቴው አባል አቶ ቶሌራም ሌንሱን ይዘው ጎፋ ካለው ሱቅ ድረስ ደክመው፣ ቦዲው ላይ አዙረው ሲያስገቡት ቀጭ ማለቱን ሰምተው፣ «ገጥሟል» ብለው ፈርመዋል። ካሜራ በጆሮ ሲመረመር በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

2ኛ. ከግዢው በፊት አብሬ ልሂድ ብዬ ስለምንዎ፣ እትዬ ተናኘወርቅ አይድከሙ፣ ኮሚቴ የተቋቋመው ለዚህ አይደል እንዴ ብለውኛል። ለእግሬ ስላሰቡልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የደከመው ወደ ቢሮዎ በመመላለስ ብቻ ነው።

ሌንሱ የቆየ ነው፤ በውስጡ ሞተር የለውም። ፎከሱን፣ ማለትም የምስል ማጥሪያውን፣ የሚያዞርለት ሞተር መኖር ያለበት ቦዲው ውስጥ ሲሆን፣ ጉልበቱን የሚያቀብለው በቦዲው አፍ ቀለበት ላይ ብቅ በምትል፣ የጠፍጣፋ መፍቻ ጫፍ በምትመስል ትንሽ ዘንግ ነው። ኮሚቴው የገዛው ቦዲ ሞተሩም ዘንጓም የሉትም። ስለዚህ ሌንሱ ይገጥማል፣ ካሜራውም ያነሳል፤ ምስሉን በራሱ ማጥራት ግን አይችልም። በእጅሽ አዙሪው የሚለኝ ቢኖር፣ ዓይኔን ሞራ እንደጋረደው ዕድሩ ያውቃል፤ አውቶፎከስ ያለው፣ በራሱ የሚያጠራ፣ ይሁን የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

3ኛ. ከካሜራው ጋር የመጣው መመሪያ የትኛው ሌንስ በራሱ እንደሚያጠራ፣ የትኛው እንደማያጠራ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለው። የዕድሩ «ገቢ ሆኗል» ማኅተም ከዚያ ሁሉ ገጽ መርጦ ያረፈው እዚያው ላይ ስለሆነ፣ መስኮት ላይ ደግፌ በብርሃን አነበብኩት። መመሪያው መከፈቱን ማኅተሙ ስላረጋገጠልኝ ደስ ብሎኛል።

4ኛ. እማማ ገበያነሽን አንስቻቸዋለሁ። ፀጉራቸውን አስጎንጉነው፣ ነጭ ለብሰው፣ ትራስ ተደግፈው ጠበቁኝ። ከኋላቸው የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በዓላቱ ሳይቀሩ ይነበባል፤ ፊታቸው ግን ጭጋግ ነው። ሳሳያቸው፣ «ምነው ልጄ፣ ገና ሳልሞት መንፈስ አደረግሽኝ?» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ባለሱቁ ዘንግ ያለው፣ ያገለገለ ቦዲ አላቸው። ከዕድሩ አንዲት ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ካመጣሁ እስከ ቅዳሜ ሊለውጡልኝ ፈቅደዋል። ኮሚቴው ግን በደንባችን ስለ መግዛት እንጂ ስለ መለወጥ የተጻፈ ስለሌለ፣ ጉዳዩ ከፋሲካ በኋላ ለሚጠራው ጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ ብሏል። ጥንቃቄያችሁን አደንቃለሁ፤ እማማ ገበያነሽን እስከ ጉባኤው ይቆዩ ብዬ ቃል ማስገባት ግን አልቻልኩም። ወረቀቷን እለምናለሁ።

ፈጣሪ የኮሚቴውን የሥራ ፍጥነት ለሞትም እንዲያድልልን እየጸለይኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ተናኘወርቅ
የዕድሩ አባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለእማማ ገበያነሽ ባነብላቸው ይህችን ጨምሪልኝ ብለዋል፦ «ፎቶው ሳይደርስ ከሞትኩ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አስፍታችሁ በፍሬም ድንኳኑ ደጃፍ አቁሙልኝ። ለቀስተኛው እኔን ባያየኝም፣ ማን እንዳላሳየኝ ይወቅ።»